አባቴ ከመቀመጫቸው እንዲነሱ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጌታቸው
የ«ፈጣን መስመር» ኢንተርኔት አገልግሎት የሐረር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች ሁሉ ደህና ናቸው? አላህ ለእርስዎም ለእነርሱም ሳይቆራረጥ የሚዘልቅ ጤና ይስጥልኝ። ሳይቆራረጥ የሚዘልቅ ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ከድርጅትዎ ደንበኞች በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንደማይጠራጠሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ ይህችን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃታለሁ። ወረቀት ሸጬ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ግን ወረቀት አላጣሁም።

ነኢማ አብዱልፈታ እባላለሁ። ከጥንታዊው ከተማ ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። አባቴ አቶ አብዱልፈታ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም መቀሱን አስቀመጡ። ዛሬ በግንቡ ውስጥ፣ ፈላና በር አካባቢ ባለው ቤታቸው ነደባው ላይ፣ ማለትም የቤቱ አባወራ በሚቀመጥበት ምንጣፍ በለበሰው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ተቀምጠው ይውላሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ እኔ አብሬያቸው አድራለሁ፤ ቀን ግን ሱቅ ካልከፈትኩ አንኖርም። ቀን ቀን ሱቅ ይዋሉልኝ ብዬ ብለምናቸውም ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም ብለው እምቢ አሉኝ።

አባቴ ስኳር አለባቸው። ጠዋት መርፌያቸውን እወጋቸዋለሁ፣ ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ምሳቸውን ደግሞ በምሳ ዕቃ አድርጌ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖርላቸዋለሁ። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ተነስተው ይበላሉ። ሐኪማቸው ይህችን ሰባት ሰዓት እንደ ሶላት ሰዓት እንድንጠብቃት አስጠንቅቀውናል፤ መርፌው ገብቶ ምሳው ከዘገየ ስኳራቸው ይወርዳል፣ ስኳራቸው ከወረደ ደግሞ ያንቀላፉ መስለው ቁጭ ባሉበት ሊያልፉ ይችላሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ቢጮህ አይሰሙም። ሰባት ሰዓት በቀረበ ቁጥር ሰዓቴን ደጋግሜ የማየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ድርጅትዎ «ቤትዎን ከኪስዎ ይመልከቱ» የሚለውን ያማረ ባነር የሰቀለው እንዲህ ሰዓት ስቆጥር በምውልበት ሰሞን ነበር። በማግስቱ ተመዘገብኩ። መስመር ገባልን፣ ከነደባው ፊት ለፊት ትንሽ ካሜራ ተሰቀለች፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ሆኜ አባቴን በስልኬ ማየት ጀመርኩ። ተስቢሓቸውን ሲቆጥሩ አያለሁ። ሲያዛጉ አያለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ብድግ ብለው ወደ ምሳቸው ሲሄዱ አያለሁ፤ ያን ጊዜ የእኔም ምሳ ይወርድልኛል። ለእነዚያ ስምንት ወራት ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ።

ከጥቅምት ወር ጀምሮ ግን ምስሉ መቆም ጀመረ። ክቡር ሆይ፣ ምስል ቆሞብዎት ያውቃል? የኳስ ጨዋታ ሲሆን ያናድዳል፤ የአባት ሲሆን ሌላ ነገር ነው። አባቴ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይታያሉ፤ ደቂቃ ያልፋል፣ አምስት ደቂቃ ያልፋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። የቆመው ምስሉ ይሁን ሰውየው የሚነግረኝ የለም። በዚያ ወር አስራ አንድ ጊዜ ሱቄን ለጎረቤት ትቼ፣ በባጃጅ እስከ ፈላና በር፣ ከዚያ ባጃጅ በማይገባበት ጠባብ መንገድ በእግሬ እየሮጥኩ ደርሻለሁ። አስራ አንዱንም ጊዜ አባቴ ቀና ብለው ዛሬ ሱቅ የለም እንዴ ብለው ጠይቀውኛል። አስራ አንዱንም ጊዜ ውሃ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ከዚህ በመነሳት፣ ውድ ጊዜዎን እንዳላባክን በመስጋት፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የደንበኞች አገልግሎት ባልደረባዎን ወይዘሪት ቤተልሔምን ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። በደወልኩ ቁጥር በሚያስቀና ትዕግሥት ኢንተርኔቱን የምታሠራጨውን ሳጥን አጥፍቼ እንዳበራት ይመክሩኛል። አጥፍቼ አበራኋት። ሳጥኗን ከግድግዳው ጉድጓድ አውጥቼ ከፍ ያለ ቦታ አኖርኳት። ብረት ምልክቱን ይጋርዳል ስላሉኝ እናቴ ሠላሳ ዓመት ከግድግዳው ያላነሳቻቸውን የአሉሚኒየም ሰሃኖች አውርጄ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። ከእናንተ ሳጥን ጋር ከካሜራዋ በቀር ምንም ነገር ሳይገናኝ ሞከርኩ። እሑድን ሳይጨምር ለአስራ ስምንት ቀን በየሩብ ሰዓቱ የምስሉን አመጣጥ በስልኬ እየተከታተልኩ፣ ከገዛ ሱቄ ባወጣሁት ደብተር ላይ መዘገብኩ። እስከ ሰባት ሰዓት ጥሩ ነው፣ ከሰባት እስከ አስር ይሞታል፣ ከአስር በኋላ ተመልሶ ይነሳል። ይህን ሳነብላቸው ወይዘሪት ቤተልሔም ሰፈሩ ሁሉ ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲቀመጥ ቪዲዮ ስለሚያይ መስመሩ እንደሚጨናነቅ፣ ይህም ቀስ በቀስ እንደሚለመድ ነገሩኝ። የነገሩኝ እውነት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን ያንን በቅጽ ላይ አልጻፉትም።

ሁለተኛ። ይህኛው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ የጥፋቱም ግማሽ የእኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ያንን ምስል እያየሁ ስውል አባቴና ምስላቸው በአፌ አንድ ሆነውብኝ፣ «ምስሉ ቆመ» ማለቱን ትቼ «አባቴ ቆሙ» ማለት ለምጄ ነበር። ኅዳር ስምንት ቀን በስልክ ለወይዘሪት ቤተልሔም፣ እያለቀስኩ ስለነበር ቃሌን መምረጥ አልቻልኩም፣ «አባቴ ቆሙ፤ አሁንም ቆሙ፤ እሳቸው በቆሙ ቁጥር እኔ እየሞትኩ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም የደንበኛን ቃል የሚያከብሩ ሠራተኛ ናቸውና የሰሙትን ጻፉ። ቅጂውን ባለፈው ሰኞ ራሳቸው አውጥተው ሰጥተውኛል፤ ሲሰጡኝ ቀና ብለው አላዩኝም። እንዲህ ይላል፦ «የደንበኛዋ አባት በቆሙ ቁጥር ኔትወርኩ ይዘገያል።» አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ ኢንተርኔት የሚያንገዳግዱ ከሆነ፣ በጉልምስናቸው ጊዜ በአገሪቱ የስልክ መስመር ላይ ያደረሱትን ጉዳት ሳስብ በቤተሰባችን ስም ይቅርታ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።

ሦስተኛ። ኅዳር አስር ቀን ድርጅትዎ በሁለት ቀን ውስጥ ባለሙያ ላከልን፤ ይህ ፍጥነት ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባዋል። አቶ ኒቆዲሞስ እኔ ሱቅ ሳለሁ መጡ፤ በሩን ቁልፍ ያላት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሩቂያ ከፈተችላቸው። አቶ ኒቆዲሞስ የያዙት ቅጽ አባቴ ሲቆሙ ኔትወርኩ እንደሚዘገይ ስለሚናገር፣ አባቴ ሲቆሙ ምን እንደሚረግጡ ፈለጉ። አገኙም። ከበሩ ወደ ሳጥኗ የሚሄደውን ገመድ ራሳችሁ ስትዘረጉት ምንጣፉ ሥር፣ አባቴ ከነደባው ሲወርዱ እግራቸውን በሚያሳርፉበት ቦታ አሳልፋችሁት ኖሯል። በሪፖርታቸው ላይ «ገመዱ በእግር ይረገጣል፤ ለአባትየው ምክር ተሰጥቷል» ብለው ፈርመዋል። ገመዱ እስከ ዛሬ እዚያው ምንጣፍ ሥር ነው። ገመድ ከማንሳት ሽማግሌ ማስቀመጥ እንደሚቀል ያወቀ ባለሙያ ስላላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ምክሩ ምን እንደሆነ ያን ቀን የነገረኝ አልነበረም። ወይዘሮ ሩቂያ ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት የሰማችው ሁለቱ በክብር ሰላም ሲባባሉ፣ አባቴም ሰውየውን «ኢንጂነር» እያሉ ሲመርቁ ብቻ ነው። ማታ ስጠይቃቸው ነገሩ እንደተስተካከለ፣ ከእንግዲህ እንዳላስብ ነገሩኝ። አባቴ በሕይወት ዘመናቸው ወረቀትና ማኅተም ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ብለው አያውቁም፤ እኔንም ሲያሳድጉኝ ከመንግሥትና ከቢሮ ሰው ጋር ክርክር አትግጠሚ ብለው ነው።

አራተኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ባሰ። ቀድሞ ምስሉ በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ እየቆመ ይቀጥል ነበር፤ አሁን ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት አባቴ ንቅንቅ አይሉም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። አምስቱንም ጊዜ ከቢሮ ሆናችሁ መስመሩን ለክታችሁ፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ እየሠራ ነው፣ ምስሉም እየደረሰ ነው አላችሁኝ። በአምስተኛው ጊዜ ጮኽኩ፣ ውሸታሞች ናችሁም አልኩ። ይህን ቃሌን በዚህ ደብዳቤ በይፋ አነሳለሁ፤ እናንተ ትክክል ነበራችሁ። እኔ ግን የእናንተን መስመር መጥፎነት በደንብ ስለተማርኩ፣ አባቴ ሳይንቀሳቀሱ ባየሁ ቁጥር ኔትወርክ ነው እያልኩ ራሴን ማረጋጋት ለመድኩ። ማታ ስመለስም ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። መሮጥ ተውኩ። አራቱም ወረቀቶች የተቀደዱት እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ነው።

አምስተኛው ቁጥር ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የሆነውን ብቻ እነግርዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አባቴ ቁርሳቸውን ገፋ አድርገው ነበር የተውት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለልጆቿ ደብተር የምትገዛ አንዲት እናት ፊቴ ቆማለች፤ ስልኬን ገልመጥ አደረግሁት። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ኔትወርክ ነው ብዬ ደብተሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ እንደገና አየሁ። የበራችን መጋረጃ ነፋስ ገብቶበት አበጥ ብሎ ተመለሰ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ወላሂ፣ መስመሩ መጣ ብዬ። መጋረጃው እንደገና አበጠ፣ ተመለሰ። አባቴ አልተንቀሳቀሱም።

ሱቁን አልዘጋሁም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ፈላና በር ላይ ቅመም ለምትሸጠው ለወይዘሮ ሩቂያ ደወልኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ እሷ ግን ገባትና ሸቀጧን መሬት ላይ ጥላ ቀደመችኝ። ስደርስ አባቴ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ፣ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ ማንንም አያይም ነበር። ወይዘሮ ሩቂያ አንገታቸውን ደግፋ በጣቷ ማር ድዳቸውን ትቀባለች፣ ዱዓዋን ጮክ ብላ ትላለች። በሰፈሩ ጎረምሶች ሸክም እስከ ባጃጁ፣ ከዚያ ሆስፒታል ወሰድናቸው። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናቴ ስትሞት አዝኛለሁ፣ እንዲህ ግን አልፈራሁም፤ መንገዱን ሙሉ «አባ፣ አባ» ስል እንደነበር የነገረኝ የባጃጁ ሹፌር ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የማንም በር መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ስልኬን አውጥቼ አባቴን አያለሁ።

አላህ ረድቶን ወደ ማምሻው ነቁ። ሐኪሙ አባቴን፣ መርፌያቸውን ተወግተው ሳለ ምሳቸውን ለምን እንዳልበሉ ጠየቋቸው። አባቴ እንደ ጥፋተኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ፤ እርስዎም የደንበኛን ቃል ማክበር ስለሚወዱ ቃሉን እንዳለ አስቀምጣለሁ፦ «ኢንጂነሩ ከሰባት እስከ አስር እንዳልነሳ ነግሮኛል። እኔ ስነሳ የልጄ ኔትወርክ ይቆማል። ቃል ሰጥቼዋለሁ።» ለሦስት ሳምንት ምሳቸውን አስር ሰዓት ላይ ሲበሉ ኖረዋል። ያን ማክሰኞ ዓይናቸው ሲጨልም ምሳ ዕቃው ታይቷቸዋል፤ አራት እርምጃ ነው። ለምን አልተነሱም አባ ስላቸው እጄን ይዘው፣ «አስር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው ብዬ፤ ደግሞ እንድታዪኝ ብዬ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ ሳይንቀሳቀሱ የተቀመጡት እኔ እንዳያቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳይንቀሳቀሱ ስለተቀመጡ አላየኋቸውም። ይህን ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት።

ከሆስፒታል እንደወጣን የእናንተን መስመር ያስገቡ አምስት የሰፈራችን ቤቶች ዞሬ ጠየቅሁ። አምስቱም ከጥቅምት ወዲህ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ይሞትባቸዋል። ከአምስቱ በሁለቱ አባት የሚባል ሰው የለም፤ በሦስተኛው ያሉት ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከተቀመጡ አራት ዓመታቸው ነው። እነዚህም ሰዎች ሲቆሙ ኔትወርክ የሚያዘገዩበትን ዘዴ ባለሙያዎችዎ ቢያጠኑት ለሳይንስ ትልቅ አስተዋጽኦ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። አባቴ ዓርብ ዕለት ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ዛሬም ግን ሰባት ሰዓት ሲሆን አይነሱም። ስህተት ነው አልኳቸው፣ የሰፈሩን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ደብተሬን አነበብኩላቸው። አንቺ ኢንጂነር ነሽ ወይ አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ለአንድ ደንበኛ የቀጠሩትን ቀን አጥፈው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለቢሮ የሰጡትን ቃል የሚያነሳላቸው ቢሮው ብቻ ነው። ካሜራዋን ነቅዬ ባሳያቸውም ኔትወርኩ ገመዱ ውስጥ እንዳለ ነግረውኛል። ምሳ ዕቃውን አጠገባቸው ባኖርላቸውም፣ እኔ ካላጎረስኳቸው በቀር ተነስተው እጃቸውን ሳይታጠቡ አይነኩትም። አንድ ቀን እኔ ሳልደርስ እንዲህ ቁጭ ብለው እንዳይቀሩ እፈራለሁ፤ በጣም ነው የምፈራው፣ በዚህ ነገር አልቀልድም።

ስለዚህ አቶ አብዱልፈታ በፈለጉት ሰዓት፣ በተለይም ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት፣ ከመቀመጫቸው መነሳትና ምሳቸውን መብላት እንደሚችሉ የሚገልጽ፣ የድርጅቱ አርማ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት፣ ፊርማዎና ክብ ማኅተሙ ያረፈበት ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ። ጆሯቸው ስለደከመ አቶ ኒቆዲሞስ ራሳቸው ይዘውት መጥተው ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው፣ ከዚያም እጃቸውን ይዘው ቢያስነሷቸው ውለታዎን አልረሳም። ገመዱን በዚያው ቢያነሱት ደግሞ እንደ ምርቃት እቆጥረዋለሁ። ፍጥነቱን አሁን አልጠይቅም፤ እንደ ልማዱ ይዝገም።

በድርጅትዎ መስመር አባትዋን ስታይ የኖረች፣ የደንበኛ ቁጥርዋን ከልደት ቀንዋ በተሻለ የምታስታውስ፣ ለእርስዎ ጤናና ለማኅተምዎ ቀለም አለመድረቅ ሌት ተቀን የምትጸልይ ታማኝ ደንበኛዎ፣

ነኢማ አብዱልፈታ
ፈላና በር፣ ሐረር

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እስኪደርሰን ድረስ በየቀኑ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ምሳቸውን በተቀመጡበት ሄጄ አበላቸዋለሁ። ደብተር የሚፈልግ ደንበኛ ተቸግሮ እንዳይቆም በማሰብ፣ «ባለሱቋ መቼ እንደምትመለስ ለማወቅ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የእርስዎን የግል ስልክ ቁጥር በሩ ላይ በትልቁ ለጥፌያለሁ። የልጆች ፈተና ስለቀረበ ብዙ ሰው ይደውልልዎታል፤ በተለይ በምሳ ሰዓትዎ።